ሞጣን ፈልጌ ቢቸና ብዬ የጻፍኩ ለታ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በሰባ ስምንት ዓመቴ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ለሳምንት መሳቂያ ታደርጉኛላችሁ።

ግን እነግራችኋለሁ። ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

የእህቴን ልጅ መሥሪያ ቤቷ ሊያዛውራት ነው። ሁለት ከተማ አቅርበውላት «ምረጪ» ብለዋታል። እሷም በቤተሰብ ግሩፓችን ፖል ከፈተች፦ «ሐዋሳ ይሻለኛል ባሕር ዳር?»

እኔም ዘው አልኩ። ስለ አየሩ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ዓሣው ሳይቀር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላት።

እህቴ ከሥሩ አንዲት መስመር ጣለች። «አንተ ደግሞ ስለ ከተማ ምርጫ ምክር ትሰጣለህ?»

አለቀልኝ። ከአዳማ እስከ ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ሁሉ በሳቅ ኢሞጂ አጥለቀለቀው። ነገሩን የማያውቁት ልጆች ደግሞ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያሉ ኢንቦክሴን አጨናነቁት።

እህቴ እውነቷን ነው። ከሌላ አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ነው። እኔ አሰበ ተፈሪ የምሠራ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። እጮኛዬ ጽጌ አስተማሪ ናት። ሁለታችንም የድሬዳዋ ልጆች ነን። እሷ ከማሠልጠኛ ስትወጣ ዕጣ ወጣና ጎጃም ደረሳት፤ ሞጣ ተመደበች።

ድሬዳዋ ላይ ያደገች ልጅ! «ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። ደብዳቤዋ ሦስት አራት ገጽ ነው። ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አከራይዋ ስለ ወይዘሮ የሺ ትተርክልኛለች። ሞጣን ሳላያት ሰዎቿን በስም አወቅኋቸው።

የእኔ መልስ ምን ይመስላል መሰላችሁ? «ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።»

በቃ። ሌላ የለውም።

ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። ጽጌን በጣም ነው የምወዳት። ግን ለእሷ ስጽፍ እጄ ይተሳሰራል፤ አንዲት የፍቅር ቃል ለመጻፍ አፍራለሁ። ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ ማን ይችለኛል? ክስም ይሁን ዝውውር፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እኔ ዘንድ ነበር የሚያጽፈው። ዳኛ አስለቅሻለሁ።

ከጽጌ ጋር ተስማማን። እኔ ወደ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዝውውር ልጠይቅ፣ ሞጣ ልግባ፣ በጥር ልንጋባ። ዝውውሩ ተፈቀደልኝ። ጽጌም ከወይዘሮ የሺ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጥፋ፣ «እጮኛዬ ሊመጣ ነው» ብላ ለባልደረቦቿ ተናገረች።

ለሞጣ ትምህርት ቤት የተነገረ ነገር ደግሞ ለሞጣ ገበያ እንደተነገረ ቁጠሩት።

በሰኔ ደብረ ማርቆስ ደረስኩ። ምደባ የሚሰጡት አንድ ቀኛዝማች ናቸው። ጸሐፊያቸው ስሜን መዝግቦ እንዲህ አለኝ፦ «ለድሬሰር ያለን ክፍት ቦታ ሁለት ነው። ቢቸናና ሞጣ። የምትፈልገውን ከነምክንያቱ ጻፍና ነገ ይዘህ ና።»

አያችሁልኝ? ሞጣ እጄ ላይ ወድቃለች። የቀረኝ «ሞጣ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ሁለት ፊደል!

እሷን ነው ያቃተኝ።

ያረፍኩበት ቤት ውስጥ ደምሰው የሚባል ድሬሰር አለ። እንደ እኔው ምደባ የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን ጎጃምን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዞረ፣ የመሥሪያ ቤት ነገር ከእኔ ወዲያ ላሳር የሚል ሰው ነው። ሞጣን ላመለክት መሆኑን ስነግረው የያዘውን ሻይ አስቀምጦ አዘነልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው? እዚህ ቤት የጠየቀውን ያገኘ ሰው አይቼ አላውቅም። የፈለግኸውን ሲያውቁ ተቃራኒውን ነው የሚሰጡህ። እኔ ዳንግላ ብየ ለምኜ ቆላ አይደል የጣሉኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቢቸና ስጡኝ በል። ሞጣን ጥላት። ምርር አድርገህ ጥላት። ያን ጊዜ ሞጣን ይወረውሩልሃል።»

እናንተ ብትሆኑ ትጠረጥሩት ነበር አይደል? ሰውየው ግን ተንኮል የለበትም። እሱ የሚፈልገው ቢቸናን ነው፤ አሮጊት እናቱ ከዚያ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ስለዚህ በዚያው ብልሃቱ «ሞጣ ስጡኝ» ብሎ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል። ምክሩን ራሱም ይሠራበታል ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

ምስጢር እንደተገለጠለት ሰው ደስ አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ።

እንዴት ያለ ማመልከቻ ወጣኝ መሰላችሁ! አይቼው የማላውቀውን የቢቸናን አየር አወደስኩ። የሞጣ ብርድ ለሳንባዬ እንደማይስማማ አተትኩ። ብርዱን ያገኘሁት ከጽጌ ደብዳቤ ነው። (ኋላ ስቀምሰው የቢቸናው ቢብስ እንጂ አያንስም።)

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበር?

ግን ማመልከቻ ሦስተኛ ምክንያት ከሌለው ለእኔ ያልተዘጋ በር ነው። እናም እንዲህ ብዬ ደመደምኩት፦ «እንዲሁም በሞጣ ከተማ የማውቀው ዘመድም ሆነ ወዳጅ የሌለኝ በመሆኑ…»

ደግሜ አነበብኩት። አምሮ ታየኝ።

በማግስቱ ቀኛዝማቹ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ፍላጎቱን እንዲህ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው በወደደው ቦታ ሲሠራ ነው የሚያምርበት። ቢቸናን ፈቅጄልሃለሁ።»

ለካ ሰውየው አዲስ ሹም ናቸው። ደምሰው የሚያውቀው፣ የጠየቁትን የሚገለብጠው የድሮው ሹም በፋሲካ ሰሞን ተነሥቷል።

«ጌታዬ፣ የጻፍኩት ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። ያቺን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከእኔ ቀጥሎ ደምሰው ገባ። ሞጣን ጠይቆ ሞጣን ይዞ ወጣ። ደባ ራሱን፣ ስለት ድጉሱን ማለት እኛ ነን። ቦታ እንቀያየር ብለን ጸሐፊውን ብንለምነው «ዓመት ሳይሞላ ቅያሬ የለም» ብሎ መዝገቡን ዘጋብን።

ቢቸና ገባሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል፤ ለጽጌ ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ክረምት ገብቷል፣ ወንዝ ሞልቷል፣ ፖስታ ይዘገያል፣ መስከረም ሲጠባ በአካል ሄጄ ባስረዳት ይሻላል። ሰበብ ከፈለጋችሁ እኔ ዘንድ ኑ።

ግልባጭ የሚባል ነገር መኖሩን ግን ረስቼዋለሁ።

መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ወረቀት ሲወጣ ነገሩ ለሚመለከተው ሁሉ ቅጂው ይላካል። ሞጣም ለክፍት ቦታዋ ሰው ስትጠብቅ ነበርና፣ የተጠበቀው ድሬሰር ለምን እንደቀረ እንድታውቅ ማመልከቻዬ ከነውሳኔው ተላከላት። እዚያ ያለው የጤና ጣቢያ ጸሐፊ አነበበው።

ጮክ ብሎ። መርፌ ለመወጋት በተሰለፈ ሰው ፊት።

የጽጌን እጮኛ ስም ደግሞ የማያውቅ የለም። ተራ ጠባቂው መርፌውን ሳይወጋ ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ።

መስቀል እንዳለፈ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። አቧራዬን ሳላራግፍ በሯ ላይ ቆምኩ። ወጣች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እኔ የተዘጋጀሁት ግን ለልቅሶና ለቁጣ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላት፤ የድሮው ሹም፣ የደምሰው ምክር…

«አውቃለሁ፣» አለችኝ። «ደምሰው እዚህ ሲመጣ ነግሮኛል። ይቅርታም ጠይቆኛል።»

«ታዲያ ውሸት መሆኑን ካወቅሽ…»

«ሳንባዬ አይችልም ብለሃል፤ ይሁን። ቢቸናን አመስግነሃል፤ ይሁን። ሁለቱ ይበቁህ ነበር። እኔን የለችም ማለት ለምን አስፈለገህ?»

ምን ልበላት? ጨነቀኝና እውነቱን ተናገርኩ።

«ለማሳመር ነው።»

ሳቀች። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዕለትም ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ሳቋ ሲያባራ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «የሞጣ ሰው እያየኝ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‘ያችን የማያውቃት ሰው ሊያገባት ነበር’ ይላል» አለች። ቀጥላም፣ «እኔ ሞጣ ነኝ፤ የትም አልሄድም። የምትለኝ ነገር ሲኖርህ ጻፍልኝ» አለችኝ።

ይህ ምን ማለት ነው? በሩን አልዘጋችም ማለት ነው። ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤ።

ቢቸና ተመልሼ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሞከርኩ። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» እላለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል አይመጣም። እቀደዋለሁ። በማግስቱ ሌላ ወረቀት አወጣለሁ። ለጤና ጣቢያው ዘበኛ የርስት ክስ አሥር ገጽ ጽፌ አስፈርጄለታለሁ እኮ በዚያ ዓመት!

በመጨረሻ ራሴን እንዲህ ብዬ አታለልኩ፤ ቃል ምን ያደርጋል፣ ዓመቱ ሲሞላ ተዛውሬ አጠገቧ ስደርስ ሥራዬ ይናገርልኛል።

ሰኔ ደረሰ። ለቀኛዝማቹ ማመልከቻ ጀመርኩ። ብዕሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ! «በሞጣ ከተማ ከነፍሴ አብልጬ የምወዳት እጮኛ እያለችኝ የለችም ብዬ በመካዴ፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ የበላሁት የማይጥመኝ፣ የተኛሁት የማይወስደኝ፣ ያለእሷም ዕድሜ የማልፈልግ ሰው በመሆኔ…» ሦስት ገጽ ሞላ። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት።

ቀኛዝማቹ በሳምንቱ ፈቀዱ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ደምሰው ወደ ቢቸና ወደ እናቱ፣ እኔ ወደ ሞጣ ወደ ጽጌ። በቅሎ ተከራይቼ በሐምሌ ዝናብ ጭቃውን እያቦካሁ ገባሁ።

በሩን የከፈቱልኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው።

«የለችም፣ ልጄ፣» አሉኝ። «ትምህርት ሲዘጋ ወዳገሯ ተዛወረች። ሳምንቷ።»

«መምጣቴን አልሰማችም እንዴ?»

«ሰማች እንጅ። ያ የጤናው ጸሐፊ ወረቀትህን አነበበና ሞጣ በሙሉ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ የሰው ልጅ እንዲህ ይወዳል ወይ ብየ። እየሮጥኩ መጥቼ ‘ጽጌ፣ እልል በይ፣ እንዲህ እንዲህ ብሎ ጽፏል’ አልኋት። ቃል በቃል ነው የነገርኋት።»

«እሷስ? እሷስ ምን አለች?»

ወይዘሮ የሺ አንገታቸውን ደፉ።

«‘ለቀኛዝማቹ ነገራቸው? ለኔኮ አልነገረኝም’ አለች። በማግስቱ ዝውውር ጠየቀች።»

ሞጣ አምስት ዓመት ሠራሁ። ጥሩ ከተማ ናት። ቢቸናም ጥሩ ከተማ ናት። ሁለቱም ምንም አላጠፉም፤ ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» እያላችሁ አትድከሙ።

ጽጌ ዛሬ ድሬዳዋ ናት። አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ስልኳን እህቴ ከሰጠችኝ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ቴሌግራም ላይ ስሟን እከፍትና «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ እጀምራለሁ። አጠፋዋለሁ።

ይኸው ለእናንተ ግን፣ አብዛኛችሁን በመልክ እንኳ ለማላውቃችሁ፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላችሁ። ይህን ምን ይሉታል?

ብቻ አደራችሁን ሼር እንዳታደርጉት። ለሦስተኛ ጊዜ ከሰው ትሰማዋለች።