ደባርቅ ላይ የተጠነሰሰው ባሕር

አማቱ ፊት በምሳሌ ሊያስረዳ የሚሞክር ወንድ የሚመጣበትን ሁሉ ይቻለው! በእኔ ይብቃ።

በደርግ ጊዜ ነው። ምጽዋ አስተምሬ ወደ ደባርቅ ስዛወር፣ ሰው ሽቶና ጨርቅ ይዞ ሲመለስ፣ እኔ በጄሪካን የባሕር ውሃ፣ በርጥብ ጆንያ ደግሞ የባሕር ድንጋይ ጭኜ መጣሁ። ኬላ ላይ ጠባቂው ጆንያውን ፈትቶ ገላመጠኝ።

«ጓድ፣ ስሜን ውስጥ ድንጋይ አልቆ ነው?»

«ይኼኛው ሕይወት ያለው ነው።»

«እንግዲያው ትኬት ቁረጥለታ!»

ሳሎኔ ውስጥ የመስተዋት ሣጥን ገትሬ ድንጋዩን በባሕሩ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሐሳቤ የምጽዋን ባለቀለም ዓሣዎች ማርባት ነው። ዓሣ የሚገባው ግን ውሃው ከድንጋዩ ጋር ሰንብቶ ከበሰለ በኋላ ነው። እስከዚያ ታዲያ... ይሸታል! ምን ይሸታል ብቻ፣ ከቤት ያስወጣል እንጂ! ባለቤቴ ዘነቡ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ!» አለች። የቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ለካ ዳባት ልካለች! አባቷ አያ መልኬ ከተፍ አሉ።

«ልጄን ለአስተማሪ እንጂ ድንጋይ ለሚቀልብ አልዳርኩም። ተነሽ፣ ልብስሽን ያዥ!»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ሚስቴን ላጣት ነው እኮ!

«አባቴ፣ ይስሙኝማ! ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። የውሃውን መርዝ የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። እስኪበረክቱ ነው የሚሸተው። በቃ... እንደ ጠላ ጥንስስ ይቁጠሩት!»

ፊታቸው በራ።

«ጥንስስ ነው እንዴ! አንቺ፣ ጥንስስ አይሸትም ያለሽ ማነው? እስኪደርስ ታገሺ። ሲደርስ እንመጣለን።»

«እመጣለሁ» አላሉም፣ «እንመጣለን» ነው ያሉት! እኔ ግን ሚስቴ ቀርታልኝ ምኑን ልስማው?

ሳምንታት አለፉ። ሽታው ጠፋ፣ ውሃው ጠራ፣ ድንጋዩም ሐምራዊ ሽፋን ለበሰ። ደስ ብሎኝ ዓሣ እንዲላክልኝ ምጽዋ ጻፍኩ። ይኼኔ ግቢዬ በበቅሎ ተሞላ... የዳባት ዘመድ በሙሉ ዋንጫ ዋንጫውን ይዞ! ልከለክል ስሮጥ አያ መልኬ ከሣጥኑ ቀድተው ጨልጠውታል።

ዓይናቸው ፈጠጠ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ዘነቡ ወደ ሻንጣዋ አየች። አለቀልኝ አልኩ!

አያ መልኬ ግን በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ሊያፍሩ? እንዴት ተደርጎ! «በቅሎዎቹን አምጧቸው!» አሉ። በቅሎዎቹ ጨው ሲሸታቸው ተጋፍተው ገቡ፤ ባሕሬን ጠጥተው ድንጋዩን ሳይቀር ላሱት።

«አየሽ ልጄ፣» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «ባልሽ እብድ አይደለም። አሞሌ በጠፋበት ዘመን ለከብት የሚያስብ ሰው ነው። የትም አትሄጂ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ለከርሞ ላሞቹን ስለምናመጣ ሰፋ አድርገህ ጥነስስ!»