ሻንጣ ውስጥ የገባው ሳንባ

ከባሕር የራቀ ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ማን ያስቆመዋል? እኛ ሸዋ ሮቢቶች የምናውቀው ውኃ የቧንቧው ነው፣ እሱም ሲመጣ፤ የመስኖው ነው፣ እሱም ተራችን ሲደርስ፤ የወንዙ ነው፣ እሱ ደግሞ ሳንጠራው። በቃ። ታዲያ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ከቁርስ እስከ እራት የሚወራው ስለ ባሕር ወለል ሆኖ ሰነበተላችሁ። ጥፋቱ የታናሽ ወንድሜ የኑሩ ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። የኛ እናት ሆድ ግን ሁለት ፎቶ አንሺ ነው ያወጣው። እኔ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ሙሽራና ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ኑሩ ጅቡቲ ሄዶ፣ ቱሪስት የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ተቀጥሮ፣ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ዓሣ ያነሳል። አንዳንዴ እቀናበታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? የሱ ደንበኞች "አጠቆርከኝ" አይሉም። "የአክስቴ ልጅ ቀርታለች፣ እንደገና እንሰብሰብ" አይሉም። አንድ ዐመል ብቻ አለባቸው፤ ይሸሻሉ።

የሚሸሹት ከኑሩ መልክ አይደለም (ቢሆንም አይገርመኝም)። ከአረፋው ነው። ጠላቂ ሰው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ ይወርዳል፤ በተነፈሰ ቁጥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው ይደነብራል። ይሄን ያዩ ሰዎች ሌላ መሣሪያ ሠሩ። ስሙን ኑሩ ሪብሪዘር ይለዋል። በሱ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹን ወደ ውጭ አይለቅም። ትንፋሹ በቱቦ ይሄድና ኖራ በሚመስል ነጭ ጠጠር ውስጥ አልፎ ይጣራል፤ ትንሽ ኦክስጅን ይጨመርበታል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ አፉ ይመጣል። ያው የራሱ ትንፋሽ፣ ደግሞ ደጋግሞ። አረፋ የለም፣ ድምፅ የለም። ዓሣው ራሱ መጥቶ ፊትህን ያይሃል ይላል ኑሩ።

የጀልባው ባለቤት ታዲያ አንዱን ልገዛልህ ነውና ምረጥ ብሎታል። ትልቁ ጀርባ ላይ የሚታዘል ነው፤ ይከብዳል፣ ግን ሦስት ሰዓት ውኃ ስር ያቆያል። ትንሹ ደረት ላይ ይታሰራል፤ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ግን አንድ ሰዓት ቢያቆይ ነው። የኑሩ ሥራ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ያስፈልገዋል። ልቡ ግን ሦስት ሰዓቱ ላይ ነው። ፎቶ አንሺ መቼ ይጠግባል? አንድ ሙሽራ ስንት ቦታ እንደማቆማት እኔን ጠይቁኝ።

ቁርጡን ለማወቅ ትንሹን ከጓደኛው ተዋሰና፣ ለመንገድ ይመች እንደሆነ ልሞክረው ብሎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። ሌላው ሰው አዲስ ጫማ ሲሞክር ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። የኛው ከጅቡቲ ሸዋ ሮቢት።

መንገድ ላይ ባለ አንድ ኬላ ፈታሹ ሻንጣውን ከፈተና ነጩን ጠጠር አገኘው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል? ምንድነው ይሄ አለ። ኑሩ ትንፋሽ ማጣሪያ ነው አለው። ፈታሹ ትክ ብሎ አየውና፣ እስቲ ተንፍስበት አለው። ምን ያድርግ? በዚያ ሐሩር አስፋልት ዳር ቆሞ፣ ቱቦውን ጎርሶ፣ ትንፋሹ የሚጠራቀምባቸው ከረጢቶች ደረቱ ላይ እየተነፉ እየሟሸሹ መተንፈስ ጀመረ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወርዶ ያያል። አንዲት እናት አላህ ያሽርህ ልጄ አሉት። ከዚያ በኋላ የመስኮት ወንበር ተለቀቀለት። ጀውሃ ላይ ምሳ ሲወርዱ አንድ ጎልማሳ ክንዱን ደግፎ አወረደው፣ ሌላው ሾርባ አዘዘለት። ሻንጣውን እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ በእጁ አልነካውም። ቤት እንደገባ፣ ለመንገድ በጣም ይመቻል አለኝ።

ቀሪው ፈተና እማ ነበረች።

እማን ሰፈሩ እትዬ ዘሃራ ይላታል። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ሮቢ ወንዝ ወስዶባታል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ሰው ለወግ ይለዋል፤ እሷ ግን ከልቧ ነው የምትለው። ኑሩ ጠላቂ ሆንኩ ያለ ጊዜ ሰንብታ እሺ ያለችው በአንድ ቪዲዮ ምክንያት ነው። በስልኬ አሳየኋት፤ አረፋው ሲወጣ አየች። ከወጣ ይተነፍሳል አለች። ከዚያ ወዲህ ኑሩ ሊጠልቅ ሲል ይደውላል፣ ዱዓ ታደርግለታለች፤ ሲወጣም ይደውላል፣ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ያለ ዱዓዋ ውኃ አይነካም። እማ ዙህር እስክትሰግድ ስንት ፈረንጅ ጀልባ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥቶ እንደጠበቀ አላህ ይወቀው።

አሁን መሣሪያውን ገለባበጠችና፣ ይሄማ የፍየል ሳንባ ነው አለች። ቀጥላ አረፋው በየት ነው የሚወጣው ብላ ጠየቀች። ኑሩ በኩራት፣ አረፋ የለውም፣ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው አላት። እማ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠችው። በዚህስ ዱዓ አላደርግም አለች።

ቀልድ መስሎን ነበር። አልነበረም። እኔ ታላቅ ነኝና ላስረዳ ገባሁ። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ኦክስጅኑ ብዙ ተናገርኩ። እሷ አንድ ቃል ብቻ መለሰች፤ በምን አውቃለሁ አለች። እውነቷን ነው፣ በምን ታውቃለች? ኑሩም የእናቴን ዱዓ ትቼ አልገባም አለ። የጀልባው ባለቤት ደግሞ እስከ ጁምዓ ካልመረጥክ በመሣሪያው ሌላ ሰው ይሠራበታል ብሎታል። ልጁ ምግብ አስጠላው። የሚወደውን ሥራ ሊያጣ ነው፤ እናቱን ግን አይጋፋም። አንጀቴን በላኝ።

እንግዲያው ዓይኗ ይይ አልኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ሙሄ ለሽንኩርታቸው የቆፈሩት፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት የመስኖ ኩሬ አላቸው። ለመንኳቸው፤ ፈቀዱና ወደ ገበያቸው ሄዱ። እማ የፍየሏን ገመድ ይዛ መጣች። በገዛ እጇ የኑሩ ወገብ ላይ አሰረችው። "አረፋ ከሌለህ ይሄን ሳብልኝ። ካልሳብክ እኔ እስባለሁ" አለችው። ኑሩ ካሜራውን ይዞ ገባ። ውኃው ከላዩ ገጠመ።

ጸጥ። ምንም የለም። ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ምንድነው አሉ። የእትዬ ዘሃራ ልጅ ገብቶ ነው አልኩ። መቼ አሉ። ቅድም አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ጄሪካኗን አስቀምጣ ኢና ሊላሂ ብላ ልቅሶ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለች። ሊጠልቅ ነው የገባው፣ ደህና ነው እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? አረፋ የለም፣ ድምፅ የለም። እውነት ለመናገር፣ እኔም ውኃውን ሳይ ሳይ ቆየሁና እንባዬ መጣ።

እማ ኩሬው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ውኃው ደፍታ፣ ገመዱን ይዛለች። አታለቅስም። ሲያናግሯት አትመልስም። ደነገጠች፣ አፏ ተያዘ ብለው ሴቶቹ ባሰባቸው። እሷ ግን ቀና ሳትል እጇን ከፍ አድርጋ ገመዱን ታሳያቸዋለች። ገመዱ ደግሞ ኑሩ ከስር በሳበው ቁጥር እጇን ጎተት ያደርጋል።

ወሬው በባጃጅ ከተማ ገብቶ ኖሯል። ጋሼ ሙሄ የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ቅሬ ማለት የኛ እድር ነው። ኩሬውን የፈቀድኩት እኔ፣ ልጁን የገደልኩት እኔ እያሉ፣ የቅሬውን ድንኳን ከነካስማው አስጭነው ደረሱ። ካስማው ከባጃጁ ሲወርድ ኑሩ ብቅ አለ። ቱቦውን ከአፉ አወጣና ተቆጣ። "ማነው የተሰበሰበው? ብርሃን ከለከላችሁኝ እኮ!"

ግማሹ ሮጠ። ግማሹ ሳቀ። ጋሼ ሙሄ ሬሳ ሊያነሱ መጥተው የቆመ ሰው ሲያዩ ካስማው ላይ ዘጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ የወጣ ድንኳን ባዶውን አይመለስም፣ ትከሉት አሉ። ሽንኩርቱ መሐል ተተከለ። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ ጥላው ስር ተቀምጦ እጁን ዘረጋና ኑሩን መረቀው። አሚን ተባለ። እማ ብቻ አሚን ሳትል ገመዷን ጠቅልላ ወደ ቤት ሄደች።

ከሰዓት ፎቶዎቹን ከፈትናቸው። ዓሣ የለ፣ ምን የለ፤ አረንጓዴ ውኃ። ኑሩ ግን ወደ ላይ ዞሮ አንስቷል። ከውኃው ስር የታየች እማ። ዓይኗ ፈጦ፣ ከንፈሯ ተገጥሞ፣ ጉንጯ ተነፍቶ። ቀጣዩን ከፈተ፣ ጉንጯ ተነፍቷል። ቀጣዩንም። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እማ መነጽሯን አድርጋ አየችና ሻርፔ ተንሸራትቷል ብላ ተናደደች።

ኑሩ አልሳቀም። "እማ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነበር እንዴ?" አላት።

ሲስብ እለቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እይዛለሁ አለች፤ እንደ ቀላል ነገር። ለዚህ ነው ለካ ለሰው ያልመለሰችው። ጅቡቲ ሲሆንስ አላት። ያው ነው አለች። ስልኩን ከዘጋህ ጀምሮ እስክትደውል እንዲያው ልቤን አፍኜ ነኝ፣ አረፋ ኖረው አልኖረው አለች። ከዚያ ወሬው ይበቃል ብላ መዳፏን ዘረጋች። ረጅም ዱዓ ነበር፤ ኑሩም እኔም ቀና አላልንም።

በማግስቱ ኑሩ ለጀልባው ባለቤት ደውሎ ትንሹን መረጠ። ገረመኝ። ስንት ቀን ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሲለኝ ከርሞ፣ ለሻንጣው ብለህ ነው አይደል አልኩት።

"የምን ሻንጣ?" አለኝ። "እማ ሦስት ሰዓት አትችልም።"