አራት ብሎን ናት፣ ምን አላት!

በየቤተሰቡ፣ መኪና ጋራዥ ሊገባ ነው ሲባል ዘመድ እስር ቤት የሚገባ ያህል የሚከፋው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው ልብስ ስፌት ነው፤ ማዕረጉ ግን «ክቡር ኢንጂነር» ነው። ማዕረጉን ለቀልድ የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱ ግን በቁም ነገር ተቀበለን።

ክቡርነታቸው የማይፈቱት ዕቃ የለም። ጣጣው መልሶ መግጠሙ ላይ ነው። የበራችንን ደወል ከጠገኑ ወዲህ እንግዳ በደወለ ቁጥር የሳሎኑ መብራት ይጠፋል፤ እኛም ሲጨልም «ሰው መጣ» ማለት ለምደናል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሲሠሩ ሦስት ብሎን ተረፈ።

«እነዚህስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የጨመራቸው ናቸው።»

ማሽኑ ዛሬም ሲያጥብ እየዘለለ ከመታጠቢያ ቤት ኮሪደር ድረስ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ስቀን አልፈናል። ያን ሰሞን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። አማቴ፣ የኢንጂነር እናት፣ የዐይን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። አንደኛው ዐይናቸው ከድሮም ብርሃን እንጂ ሰው አይለይም፤ የቀረው አንዱ ነው፤ እሱም በፋሻ ተሸፍኗል። ሰኞ ጠዋት ከተማ ሆስፒታል ወስጄ ላስፈታላቸው ቀጠሮ አለን። ሐኪሙ «ጭንቅላታቸው እንዳይናወጥ፣ ቀኑም እንዳያልፍ» ብሎ አስጠንቅቆናል። መንገዱ ደግሞ በመሠራት ላይ ስለሆነ አሥር ኪሎ ሜትር ያህሉ ድንጋይ ብቻ ነው። መኪናዬ ዝቅ ያለች ናት። ባለፈው ወር የጎረቤታችን መኪና እዚያው ላይ የዘይት ቋቷ ተበስቶ ግማሽ ቀን ተገትራ ውላለች።

ስለዚህ ከፊት ባምፐሩ ሥር የሚታሰር ወፍራም የብረት መከላከያ ገዛሁ። መካኒክ እሁድ ጠዋት መጥቶ ሊገጥምልኝ ተስማማን። እሁድ ጠዋት በሩን ስከፍት የቆሙት ግን ኢንጂነር ናቸው፤ መካኒኩን ደውለው አሰናብተውታል።

«አማቼ፣ አራት ብሎን ናት፤ ምን አላት!»

የስፌት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መኪናዋን በክሪክ አነሱና ከሥር ገቡ። ሦስቱ ቀዳዳ ልክ መጣ፤ አራተኛው በአውራ ጣት ስፋት ሳተ። «ትንሽ ትሰፋለች» አሉ፣ እንደ ሱሪ ወገብ። በልብስ ስፌት ጠመኔ ምልክት አድርገው በድሪል በሱት። መሬቱ ሌሊት በጣለው ዝናብ ርሷል።

«ጋሼ፣ ከክሪኩ ሌላ ጣውላ ነገር እንደግፍበት።»

«ምን አላት!»

ክሪኩ ሲንቋቋ ሰማሁ። መኪናዋ በዝግታ፣ ጎኗን እንደምታሳርፍ ከብት፣ ወደ እኛ ማዘንበል ጀመረች። እዚህ ላይ አንቱታውም ክቡርነቱም ጠፋብኝ።

«ውጣ! ጋሼ፣ ውጣ!»

«አንዷ ብቻ ናት የቀረችኝ…»

ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። ጭንቅላቱ እንደወጣ መኪናዋ ዷ! ብላ ተቀመጠች። ሜትሩ አንገቱ ላይ የለም። ብረቱና መሬቱ መሀል ተነክሶ ቀርቷል።

ሁለታችንም ጭቃው ላይ ቁጭ አልን። እሱ አንገቱን ደባበሰ።

«ለእማዬ እንዳትነግር» አለኝ በመጨረሻ።

ከዚያ ጣውላውን ራሱ አመጣ። አራተኛዋን ብሎን አሥሮ ሲወጣ፣ ሰው አስተያየት ጠይቆ የማያውቀው ሰውዬ «እስኪ አንተም እየው» አለኝ። ምሳ ቀርቦለት ሳይነካው ሄደ።

ሰኞ ማለዳ አማቴን ከኋላ አስደግፌ ተነሳሁ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ እንደ እንቁላል ጫኝ ነዳሁ። አንድ ድንጋይ ከሥር ጓ! አደረገን። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ መሬቱን አየሁ። ዘይት አልፈሰሰም፤ ብረቱ ችሎታል። ትንሽ እንደሄድን ግን አንድ ነገር መሬቱን ይፍቅ ጀመር፤ ክርርርር…

«ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ አማቴ ፋሻቸውን በእጃቸው ደግፈው።

«ምንም አይደል፣ እማማ።»

ወርጄ አጎንብሼ አየሁ። አራተኛዋ ብሎን የለችም፤ የብረቱ አንድ ጥግ ተንጠልጥሏል። ቁልፍም መለዋወጫም አልያዝኩም። ለቀጠሯችን አርባ ደቂቃ ቀርቷል። እየሄድኩ ብረቱ ታጥፎ ቢሰካ፣ አሮጊቷ ከነፋሻቸው ከፊተኛው ወንበር ጋር ሊላተሙ ነው። ማንን እንደምራገም ስለማውቅ አፌን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከኋላችን አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦

«ኧረ ይህን ሰውዬ ተቀበሉኝ! ከመነሻው ጀምሮ ‘ከእነሱ አትለይ፣ አትቅደም’ እያለ ተሳፋሪ አስመረረብኝ!»

ክቡር ኢንጂነር የዘወትር ሱፋቸውን ለብሰው፣ የቁልፍ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወረዱ።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ክር ልገዛ» አለኝ፣ ዐይኔን ሳያየኝ።

ክር ሊገዛ ነው ቦርሳውን በብሎን የሞላው! ከነሱፉ ድንጋዩ ላይ ተንጋለለ። በዚህኛው ጊዜ «ምን አላት» አላለም። አጠበቀ፣ ነቀነቀ፣ እንደገና አጠበቀ። ሌሎቹንም ሦስቱን አንድ በአንድ ነካካቸው። ፊቱ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ወጣና ከእናቱ አጠገብ ገባ። ቀሪውን መንገድ በሙሉ በመስታወቱ አየው ነበር፤ መኪናዋ በተናጠች ቁጥር የእናቱን ራስ በሁለት መዳፉ ደግፎ፣ መናጡን ራሱ እየተቀበለ ሄደ።

ለቀጠሯችን ደረስን።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ሁለታችንም ከጎኑ ቆምን። አማቴ ዐይናቸውን አርገበገቡ። መስኮቱን አዩ፣ እኔን አለፉኝ፣ ልጃቸው ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ ይሄ ፊትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ግሪስ ነው፣ እማዬ።»

«ጆሮህ ሥርም አለች እኮ፣ ትንሽዬ።»

ኢንጂነር ወደ ግድግዳው ዞረ። ግሪሱን እንዲያብስ መሐረቤን አቀበልኩት። ተቀብሎኝ ዐይኑን አበሰበት።