በኢሜይል የተጠየቀች አራስ

የእኛ አገር ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ሳይጠይቁት መቅረትን ግን ይቅር አይልም። ከብትህ ማሳው ቢገባበት ሽማግሌ ይገባል፤ ድንበሩን ብትገፋው ዳኛ አለ። ታሞ ሳትጠይቀው፣ አዝኖ ሳትደርሰው፣ ሚስቱ ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሳትለው ከቀረህ ግን ነገሩ ለሽማግሌም ለዳኛም አይመችም። ሰላምታህን ይመልስልሃል፣ ግን ከአንገት በላይ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ሥጋው ሊቀርብ ሲል «ያን ጊዜ እንኳ ሳትመጣ…» ብሎ ይጀምርሃል። እኔ ራሴ ኮሶዬ የምትባል መንደር ያለ አንድ ዘመዴን እግሩ ተሰብሮ ሳልጠይቀው ቀርቼ፣ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፈው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። አትሳቁ፣ ይገናኛል።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደባርቅ ውስጥ የአንድ የባለበቅሎዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ጓዙን የሚያስጭነው በእኛ በቅሎዎች ነው፤ በቅሎዎቹም የሚሄዱት በተራ ነው። ተራ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀልድ የለውም። ሰው ወንድሙን ቢሰድበው በማግስቱ አብሮት ይበላል፤ ተራውን ቢወስድበት ግን የልጅ ልጆቻቸው አይጋቡም።

እንግዶቹ እየበዙ፣ ደብዳቤያቸውም በኢሜይል ሆነና አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደው ኮምፒውተር ተሰጠን። እንዳጋጣሚ ተራራው ላይ ካለው ጊች ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት አንድ ፈረንጅ ከተማችን ውስጥ ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር። ሰውየው ሲሰለቸው በዱላ እያነከሰ ቢሯችን መጣና ኢሜይልና የጋራ ቀን መቁጠሪያ ያለው ፕሮግራም ጫነልን። ዋጋውን ብጠይቀው ነጻ ነው አለኝ። ባለቤቱ ማነው ስለው ማንም፣ ሁሉም አለኝ። እኔ የበቅሎ ሰው ነኝ፤ በነጻ የምትሰጥ በቅሎ ወይ ትራገጣለች፣ ወይ የሰው ናት። ፊቴን አይቶ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት እየተረዳዱ ይሠሩታል፤ ጉድለት ያየ ይናገራል፣ የሚችል ይጠግነዋል፣ የወደደው ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። የሚገናኙበት አንድ መድረክ አላቸው፤ እዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ለሁሉም ይደርሳል።

ደቦ ነዋ! ይህን ለመረዳት እስከ ኮሌጅ መሄድ አያስፈልግም። ጠላ የሌለው ደቦ መሆኑ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ፕሮግራሙ አንድ አመል ነበረበት፤ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔም ነገሬ ብዬ ሳላስብ የተራውን ዝርዝር እንዳለ አትሜ በራችን ላይ ለጠፍሁት። እዚህ ላይ ነው እትዬ ጥሩዬ የሚመጡት።

እትዬ ጥሩዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ዳማ የምትባል አንዲት በቅሎ ያላቸው ሴት ናቸው። ወንድ ከቤታቸው ስለሌለ ዳማን ራሳቸው እየነዱ ነው ተራራ የሚወጡት። ፊደል ባይቆጥሩም ቀን ግን አይስቱም፤ ወሩን ሙሉ በቅዱሳን ያውቁታል። በራችን ላይ ያለውን አስነብበው «ተራዎ አሥራ ሁለት ነው» ሲባሉ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው ብለው በሚካኤል ዕለት ዳማን ጭነው ከተፍ አሉ። ተራቸው ካለፈ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። በሁለተኛው ሃያ አንድ ተባሉ፤ በማርያም ዕለት መጡ። እሱም አልፏል።

የማኅበሩ ደንብ ሦስት ጊዜ ከተራዋ የቀረች በቅሎ ከመዝገብ ትሰረዛለች ይላል፤ ዳማ የቀራት አንድ ብቻ ነው። ሊቀመንበራችን ይህን ደንብ ከስንት ጠብ በኋላ በእጁ የጻፈው ስለሆነ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጉባኤው ፊት ቆምሁ። ሊቀመንበሩ ለአንዱ ካጎነበስን ነገ ለሁሉም ልናጎነብስ ነው፣ ተራም ይጠፋል አለ። እውነቱን ነው። ግን የእትዬ ጥሩዬ መሬት ሌላ ሰው በእኩል የሚያርሰው ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ራሷን ችላ የቆመች ሀብት ዳማ ብቻ ናት። ዳማ ከተሰረዘች ቤታቸው ተፈታ ማለት ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልተኛሁም።

ለመድረኩ ጻፍሁ። አሥራ ሦስት ወር ያለው ቀን መቁጠሪያ እንፈልጋለን አልሁ። የቀን መቁጠሪያውን ክፍል የያዘችው ማርታ የምትባል ሴት በማግስቱ መለሰችልኝ፤ የእንግዳው ወራት ሳይገባ እሠራላችኋለሁ አለች። ስሟ ማርታ መሆኑ ለእትዬ ጥሩዬ በቂያቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቢሮ እየመጡ፣ ሩቅ አገር እንደተዳረች እህት «ማርታ ምን አለች?» ይሉኝ ነበር። ማርታ ጥያቄዋ አያልቅም፤ ጳጉሜን ስነግራት አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር መኖሩን ለማመን ሁለት ቀን ፈጀባት።

ጳጉሜ ሲገባ ግን አንድ ደብዳቤ ለመድረኩ ሁሉ ላከች። ሴት ልጅ ወልዳለች። ለጥቂት ወራት አትሠራም፤ ቀን መቁጠሪያው ግማሽ ላይ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ ትላለች።

ቆጠርሁ። የእንግዳው ወራት የሚገባበት መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እንኳን ደስ አለሽ ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ነገር ግን» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ። እትዬ ጥሩዬ ገቡ። አነበብሁላቸው። መቼ ወለደች አሉኝ፤ በእኛ ሲመለስ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ አማኑኤል ነው አልኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ቀጥለው ደብዳቤዬን በጣታቸው እያሳዩ ጠየቁኝ።

«ይኼስ?»

ሥራውን እንድትጨርስ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ስምዎ ሊሰረዝ ነው አልኋቸው።

«የእኔ ስም ይቆየው። አራስ ሴት ሥራ ትታዘዛለች? ይልቅ ማን ጠየቃት?»

የጀመርሁትን ደብዳቤ አጠፋሁት።

እትዬ ጥሩዬ ለሁሉም ነግረው ኖሮ፣ በገበያው ቀን የባለበቅሎው ማኅበር በሙሉ ቢሮዬ በር ላይ ተሰልፎ ጠበቀኝ። የሁላችሁንም ስም ጽፌ አንድ ደብዳቤ ልላክ ብል ጉድ ፈላ። አራስ ቤት አንዱ ገብቶ በሌላው ስም ጠይቆ ያውቃል ወይ ተባልሁ። ሁሉም በየተራው እየገባ አስጻፈ፤ እኔም በሁለት ጣቴ እየለቀምሁ በእንግሊዝኛ መታሁ። አንዱ ቅቤና ማር አላት ወይ አለ። አንዱ ብርድ እንዳይመታት በር ዝጉባት አለ። ሌላው አባትየው እንጨት ፈልጦ እንደሆነ ይጣራልኝ አለ። ሊቀመንበራችንም መጣና ከሁሉ የረዘመውን ምርቃት አስመታኝ። ቀትር ሲያልፍ ከስልሳ በላይ ደብዳቤ ከአንድ አድራሻ ለዓለም ሁሉ ተልኳል።

ከዚያ በሩ ተዘጋብን። ለካ መድረኩ ዘበኛ አለው፤ ዘበኛውም ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። በሰው የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ርካሽ መድኃኒትና የውሸት ሎተሪ ከሚያፈሱት ወሮበሎች ቆጥሮን አድራሻችንን አገደው። አራስ ልንጠይቅ ሄደን ከደጅ ተባረርን!

አራት ቀን በእትዬ ጥሩዬ ደጅ አላለፍሁም። ቀን መቁጠሪያው ቀረ፣ ማርታም ተቀየመች፣ ዳማም ልትሰረዝ ነው ስል ሰነበትሁ። በአምስተኛው ቀን በራሴ አድራሻ ለመድረኩ ጻፍሁ። ወሮበሎች አይደለንም፤ እኛ አገር አራስ ካልተጠየቀች ነውር ነው፤ ውኃዋን ጎረቤት ይቀዳላታል፣ አረሟን ጎረቤት ያርምላታል፤ በእናንተ አገር ክልክል መሆኑን አላወቅንምና ይቅር በሉን አልሁ።

መልሱ መጣ። መድረኩን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቀው እገዳውን አንሥተዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ በሦስት አገር ያሉ ሦስት ሰዎች፣ እርስ በርስ ተያይተው እንኳ የማያውቁ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ የማርታ አረም የት ደርሷል?

ሥራው ተጀመረ። እነሱ ሠሪ፣ እኛ መርማሪ ሆንን። የመረመሩት ግን የደብራችን የባሕረ ሐሳብ መምህር መሪጌታ ጽጌ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው፣ እሱን በዓይናቸው እያዩ እሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ። በሦስተኛው ቀን ጣታቸው ቆመ። ማሽኑ ስድስተኛዋን ጳጉሜ ለዘመነ ዮሐንስ ሰጥቷታል፤ የእሷ ቦታ ግን ዘመነ ሉቃስ ነው። ጻፍሁላቸው፤ በማግስቱ ተስተካከለ። የመድረኩ ሰዎች ደስ ብሏቸው የመሪጌታን ስም ፕሮግራሙን ከሠሩት ሰዎች ስም ጋር እናስገባለን አሉ። መሪጌታም ፈቀዱ፤ ግን ከስማቸው በፊት እንደ ድሮ ጸሐፍት «ኃጥእ» የሚል ይግባልኝ አሉ። ገባ። ዛሬም በዚያ ሁሉ የፈረንጅ ስም መካከል ኃጢአቱን ያመነ አንድ ሰው ብቻ አለ።

ቀን መቁጠሪያው ለመስቀል ደረሰ። የተራውን ዝርዝር በራሳችን ቀን፣ ከነቅዱሳኑ አትሜ ለጠፍሁ። የእትዬ ጥሩዬ ተራ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። እልል አሉ። ኮምፒውተሩን እንደ ሰው መረቁትና አንድ ነገር ይቁጠርልኝ አሉ፤ የማርታ ልጅ ሰማንያ ቀኗ መቼ ነው?

ቆጠረ። መሪጌታም በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቱም አንድ ቀን ላይ አረፉ፤ ኅዳር አሥራ ሁለት።

በዚያ ቀን እኔ ቤት ድግስ አለ፣ የልጅቱ ክርስትና ነው አሉ እትዬ ጥሩዬ። ተራውስ? ደጋሽ ቤቱን ጥሎ አራት ቀን ተራራ አይወጣም። የሰው በቅሎ የሚነዳ ደግሞ አገራችን ውስጥ የለም፤ ጀርባዋ በኮርቻ ተልጦ ቢገጠብ ባለዕዳው እሱ ነውና። ማርታ አገር በሰማንያ ቀን ክርስትና ማንሣት የለም፣ ማንም አይጠብቅዎትም ብዬ ለመንኋቸው።

«እነሱ ባያውቁት፣ እኛ እያወቅን ዝም እንላለን?» አሉኝ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት መዝገቤን ይዤ መጫኛው ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ። እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ጓዙ ተደርድሯል፣ በቅሎዎቹ ቆመዋል። ዳማ የለችም። ሊቀመንበሩም የለም። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ልሰርዛት እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ያን ጊዜ ዳማ በታችኛው መንገድ ብቅ አለች፤ ኮርቻዋ ተጭኗል። ልጓሟን የያዘው ሊቀመንበራችን ነው። ጢሙ ላይ የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ አለ።

«ጻፍ። ዳማ በተራዋ ቀርባለች» አለኝ።

ደንቡሳ አልሁት።

«ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በቅሎ ይላል እንጂ ባለቤት አይልም።»

ብትገጠብስ ስለው በእኔ ነው አለና ጓዙን ጭኖ አራት ቀን ወጣ። ያቺን ቀን የጻፍኋትን መስመር ያህል ደስ ብሎኝ የጻፍሁት የለም።

የድግሱን ፎቶ ለማርታ ላክሁላት። ዳቦው፣ ጠላው፣ መሪጌታ፣ በመካከል እትዬ ጥሩዬ። ረጅም መልስ ጻፈች። የምትኖርበት ፎቅ ላይ ብዙ ቤት አለ፤ ከወለደች ጀምሮ ግን በሯን ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም። ዘበኛው በሩን ሳይዘጋ የገቡትን የደባርቅ ደብዳቤዎች አትማ ከልጅቱ አልጋ በላይ ሰቅላቸዋለች። እንጨቱንም አባትየው ባይፈልጥም ልጅቱን በሌሊት የሚያባብለው እሱ መሆኑን ነገረችን። ይህን ሳነብላቸው እትዬ ጥሩዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ መድረኩ ስለ ዕድገቱ ሪፖርት አወጣ። የተሳታፊው ቁጥር እንዴት እንዳደገ፣ ኅብረተሰቡ እንዴት እንደሰፋ በካርታ ያሳያል፤ ብዙ ሰው የጻፈበት ቦታ ትልቅ ክብ ተደርጎበታል። ከሰሜን ተራሮች ሥር ያለው ክብ ከአንዳንድ ትልልቅ የአውሮፓ ከተሞች ይበልጣል። በስልሳ ደብዳቤ አራስ መጠየቃችን ዕድገት ተብሎ ተቆጥሯል። ላርማቸው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተሳስተዋል ያለ ማነው አልሁና ተውሁት።

ካርታውን ለእትዬ ጥሩዬ አሳየኋቸው። ይኼ ማነው አሉ፤ እኛ ነን አልኋቸው። ክቡን ትኩር ብለው አዩትና ጣታቸውን ትንሽ ወደ ታች፣ ወደ ጎንደር መንገድ አወረዱ።

«ዳባትስ የት አለ?»

ዳባት የለም፤ ከዳባት የጻፈ የለም አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ዳባት እህታቸው አለች፣ ዘመድ አለ፣ አማች አለ።

«በል እንግዲህ፣ ሌላ የወለደች እንደሆነ ቀድመህ ለእነሱ ንገራቸው» አሉኝ። «ኋላ አልሰማንም ብለው ይቀየሙናል።»