ወይዘሮ ለምናልባቱ ውኃ ገቡ

በምድር ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ሁለት ነገር አያጣም፤ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧና አንዲት «ለምናልባቱ» የምትል ሴት። ቧንቧው ተጠግኖ ይድናል። ሴትዮዋ ግን መድኃኒት የላትም። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ጃንጥላ ይዛ ትወጣለች፤ ለሁለት ሰዓት መንገድ የሁለት ቀን ልብስ ትሸክፋለች፤ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ከመንገድ ትመለሳለች፤ አይታ ከወጣች በኋላ ደግሞ በትክክል ማየቷን ለማረጋገጥ እንደገና ትመለሳለች። እናንተም ታውቋታላችሁ። ምናልባትም የወለደቻችሁ እሷ ናት።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ለምናልባቱ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ መርፌና ክር፣ ፊሽካ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ የጎረቤት ቁልፍና በላስቲክ የተጠቀለለ ብስኩት ይገኛል። ባላቸውም ሴት ልጃቸውም የወደብ ጠላቂዎች ነበሩ፤ ውኃ ውስጥ ገብተው የመርከብ ሆድ የሚፍቁ፣ የመልሕቅ ሰንሰለት የሚፈትሹ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ከዚህ የባሰ ዕጣ አይታሰብም። ጠላቂ ብቻውን አይገባም፤ ጥንድ አለው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሕጉ ይህ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ለምናልባቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ባላቸውን አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምትገባው?»

«ከጓደኛዬ ጋር» ይላሉ ባል፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያሰሩ።

ከዚያ አንድ እሑድ ምሳ ላይ የልጅቷ ትዕግሥት አለቀ። «እማዬ፣ በቃሽ! ስልሳ ዓመት የሞላውን ሰው እንደ ሕፃን ጠዋት ጠዋት አታፋጥጪው!» አባት ሳቁ። እናት ሳህኖቹን አነሡ። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ለምናልባቱ እንደ ወትሯቸው በር ላይ ቆሙ፤ ግን አልጠየቁም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልጠየቁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ የአባት ጥንድ ታሞ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ በሌላኛው የወደቡ ጫፍ ሥራ ላይ ነበረች። አባት «ሃያ ደቂቃ ናት» ብለው ብቻቸውን ገቡ። ልባቸው ሰንሰለቱ ሥር ቆመች፤ ጎትቶ የሚያወጣቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት በር ላይ ጥያቄ የለም። ልጅቷ ጫማዋን ታስራለች፤ እናት ይቆማሉ፤ ሁለቱም ዝም። ያ ዝምታ ለልጅቷ ክስ ነበር። ስንት ጊዜ ልትናገረው አፏን ከፈተች፤ ስንት ጊዜ «ደኅና ዋይ» ብላ ዘጋችው።

አባት በሞቱ በስምንተኛው ወር በከተማው መዋኛ ገንዳ ጀማሪ ጠላቂዎችን የሚያስተምረው ሰውዬ ደወለላት።

«እናትሽ ተመዝግበዋል።»

«ምን ላይ?»

«ጠላቂነት ላይ ነዋ። ችግሩ ተማሪዎቼ ጎዶሎ ሆኑብኝ፤ ለእሳቸው ጥንድ የለኝም።»

ልጅቷ የምትሰማው እውነት አልመስላት አለ። እናቷ የቤታቸው ባልዲ ሲሞላ እንኳ ከሩቅ የሚያዩ ሴት ናቸው። ማታ «ለምንድን ነው እማዬ?» አለቻቸው። መልሱን እናንተም ገምታችሁታል፤ «ለምናልባቱ» አሉ፣ ሽንኩርታቸውን ከመክተፍ ሳያቋርጡ።

በዕረፍት ቀኗ ጥንድ ልትሆናቸው ሄደች። ወይዘሮዋ ፊት ወንበር ላይ ደብተር ይዘው ተሰይመዋል። «የአየር ሲሊንደሩ ቢፈነዳስ? ዓሣ ቢነክሰንስ? አንተ ራስህ እዚያው ታች እያለህ ቢያምህስ፣ ልጄ?» አሠልጣኙ ውኃ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ። በመጨረሻም ከሲሊንደሩ የሚወጡትን ሁለት መተንፈሻዎች አነሣ። «አንደኛው የእናንተ ነው። ይህ ሁለተኛው የእናንተ አይደለም። ጥንዳችሁ አየር ቢያልቅበት የምትሰጡት ነው፤ ሁልጊዜ ይዛችሁት ትገባላችሁ።»

ወይዘሮ ለምናልባቱ መተንፈሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ሲሳቅባቸው የኖረ ሐሳብ፣ እነሆ በፋብሪካ ተሠርቶ እጃቸው ላይ ተቀምጧል። «ይህን የሠራው ሰው እናት አለችው» አሉ፤ ከዚያም ትምህርቱ እስኪያልቅ ምንም አልጠየቁም።

ገንዳው ግን እንደ ደብተሩ አልሆነላቸውም። የመጀመሪያው ቀን ከጃኬታቸው ኪስ ቡናማ ነገር እየተበተነ ውኃውን አደፈረሰው፤ አሠልጣኙ መጥፎ ነገር ጠርጥሮ ተማሪውን ሁሉ እየጮኸ አስወጣ። «ብስኩት ነው» አሉ ወይዘሮዋ በክብር፤ «ታች ሳለን አንዱ ቢርበውስ ብዬ ነው።» ገንዳው ለግማሽ ቀን ተዘጋ።

የከፋው ፈተና የመነጽሩ ነበር። ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክከው የውኃ መነጽራቸውን ማውለቅ፣ መልሰው ማጥለቅ፣ በአፍንጫ እፍ ብለው ውስጡ የገባውን ውኃ ማስወጣት አለባቸው። ይህን ያላለፈ የጠላቂ የምስክር ካርድ አያገኝም። አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራቱንም ጊዜ መነጽሩ ገና ከፊታቸው ሲነሣ እየተወራጩ ወጡ። ለአምስተኛው ቀጠሮ ሲሰጥ አሠልጣኙ ልጅቷን ወደ ዳር ሳብ አድርጎ «ባናስጨንቃቸውስ?» አላት።

ተማሪው ሁሉ ሄዶ እናትና ልጅ ገንዳው ዳር እግራቸውን ውኃ ውስጥ አድርገው ተቀመጡ።

«ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚታየኝ» አሉ እናት። «ሰንሰለቱ ሥር።»

ልጅቷ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለችም። «እማዬ፣ ያን ቀን ጠዋት ሳትጠይቂው የቀረሽው በእኔ ምክንያት ነው። በቃሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ለቅሶዋ የገንዳው ግድግዳ ላይ አስተጋባ።

እናት ፎጣቸውን አንሥተው የልጃቸውን ፊት ጠረጉ፤ ከዚያ ከቦርሳቸው መለዋወጫ ፎጣ አውጥተው የራሳቸውን ጠረጉ።

«የቀበርነው ቀን ያ ጥንዱ እግሬ ላይ ወደቀ» አሉ። «አባትሽ ስንት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲገባ እንደኖረ ያን ጊዜ ነገረኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እኔ እጠይቃለሁ፤ እሱ ‹ከጓደኛዬ ጋር› ይለኛል። ያን ቀን ብጠይቀውም ያንኑ ነበር የሚለኝ፣ ልጄ። ዋሾ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። እንዳልሰጋ ብሎ ነው የሚዋሸኝ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መጠየቅ ምን ይሠራል? አብሮ መግባት ነው እንጂ። ጥንድሽ የቀረ ቀን የምትጠሪው ሰው ይኑርሽ ብዬ ነው።»

የጀማሪ ካርድ ለመዝናኛ እንጂ ለወደብ ሥራ እንደማያገለግል ልጅቷ ታውቃለች። ልትነግራቸው አልቻለችም።

በአምስተኛው ሙከራ ቀን ወለሉ ላይ ሲንበረከኩ ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች። መነጽሩ ወለቀ። እጃቸው እጇን ጨመቃት፤ አልተወራጩም። ቆዩ፣ ከሚጠበቅባቸው በላይ ቆዩ፤ ከዚያ መነጽሩን አጥልቀው እፍ አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ በገንዳው ውኃ ይሁን በሌላ አልታወቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕር ገብተው ሲወጡ ካርዳቸውን ተቀበሉ። በካርዱ ፎቶ ላይ የተከሰሱ ይመስላሉ። በሁለት ላስቲክ ጠቀለሉት።

በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ በር ላይ ጫማዋን ስታስር ስልኳ ጮኸ። ጥንዷ ነው፤ ትኩሳት ይዞታል፤ አይመጣም። ቀና ስትል እናቷ ቆመዋል። የታሰረውን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«አትጠይቂኝም?»

ወይዘሮ ለምናልባቱ የበሩን መቃን ያዙ። «ከማን ጋር ነው የምትገቢው?»

«ከጓደኛዬ ጋር» የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ነበር። ሥራውም የሃያ ደቂቃ ነው።

«ብቻዬን ነኝ እማዬ። ጥንዴ ታሟል።»

እናት ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ጫማቸውን አድርገዋል፣ ቦርሳቸውን አንግተዋል፣ ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ልጅቷ አየቻቸውና ለአለቃዋ ደወለች። «ዛሬ ጥንድ የለኝም፤ አልገባም።» አለቃው «የሃያ ደቂቃ ሥራ እኮ ናት» ሲላት «አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

«እና እኔም አልገባም?» አሉ እናት፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

«ዛሬ አንገባም።»

«እሺ፣ ካርዱ ይቀመጥ እንግዲህ። ለምናልባቱ።»

ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የቀለደችበትን ቦርሳ ተቀብላ ካርዱን ልታስገባ ከፈተችው። ከሥር፣ ከፊሽካውና ከብስኩቱ በታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጥቁር የጫማ ክር አገኘች። ርዝመቱ ለአባቷ ጫማ የሚሆን ነው። ለምን አሁንም ይዘውት እንደሚዞሩ ልትጠይቅ ነበር፤ ተወችው። ካርዱን ከክሩ አጠገብ አስቀምጣ ቦርሳውን በጥንቃቄ ዘጋችው።