ሊፍት ለሆቴል ነው

በጃፓን ግንብ ያለው ከተማ ሁሉ፣ ግንቡን ከአያቱ የወረሰ የሚመስለው አንድ ሽማግሌ አያጣም። የእኛው ክቡር ጋሼ ኩዋባራ ናቸው፤ የሰማንያ ሁለት ዓመት ጡረተኛ ፖስተኛ፣ የበጎ ፈቃድ አስጎብኚ።

እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጎብኚ ያወለቀውን ጫማ የሚይዝበት ፌስታል አድላለሁ። የእሳቸውን ወሬ አሥራ አንድ ዓመት በነጻ ሰምቻለሁ። ግንቧን በሲሚንቶ መልሳ ከሠራችው ከኦሳካ ከተማ ሰው ሲመጣላቸውማ ፊታቸው ይበራል።

«የእናንተው ትልቅ ነው አሉ፤ ሊፍትም አለው» ይላሉ በትሕትና። «የኛ እንጨት ነው፤ አራት መቶ ዓመቱ። ሊፍት ለሆቴል ነው።»

ከዚያ አምስቱን ፎቅ ያስወጡታል፤ በየፎቁም ቆመው አንድ ታሪክ ይተርካሉ። ጎብኚው እውቀት ይመስለዋል። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው። ደረጃው እንደ ቆጥ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ትንፋሻቸው ባጠረ ቁጥር ታሪኩ ይረዝማል።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ። ሰማንያ ያለፈው አስጎብኚ ሳያርፍ ጫፍ ካልደረሰ፣ ከእንግዲህ በር ላይ ቁጭ ብሎ ካርታ ያድላል።

«ጎረቤት ልንሆን ነው» አልኳቸው።

«ካንቺ ጎን ከምቀመጥ ግንቡን ከከበበው ቦይ ዓሣ ጋር ብኖር ይሻለኛል።»

የፈተናው ቀን ከማዘጋጃ ቤት ወይዘሪት ሺኖሃራ ሰዓትና ወረቀት ይዛ መጣች። እኔም የወደቀ ፌስታል ልልቀም ብዬ ተከተልኳቸው። ሁለት ፎቅ ያለ አንድ ቃል ወጡ፤ ግንቡ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ የጋሼ እጅ መደገፊያውን ያዘና አልለቅ አለ። የልጅቱ እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ወረደ።

«ጋሼ፣» አልኩ ከኋላ፣ «ይሄ ምሰሶው ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው?»

ዞረው አዩኝ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርተሽ አታውቂውም?»

«ማን ነግሮኝ?»

«ማረፍ አይቻልም» አለች ወይዘሪት ሺኖሃራ።

«ማን አረፈ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ጋሼ። «ጎብኚ ከጠየቀ አስጎብኚ ቆሞ ይመልሳል። ደንባችሁ ላይ ተጽፏል፤ አንብቢው።»

እሷ ደንቡን ስታገላብጥ፣ እሳቸው መጥረቢያ ስላመለጠው አናጺ ጀመሩ። ሺህ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ያን ቀን ግን አናጺው ሚስትና ሁለት አማት ጨመረ። አራተኛው ላይ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ። አምስተኛው ላይ የጠየቀችው፣ ደረቷን ይዛ እያለከለከች፣ ወይዘሪት ሺኖሃራ ራሷ ናት።

ወርጄ በሩ ላይ ስቀመጥ አንድ የኦሳካ ሰው ደረጃውን ሽቅብ እያየ «ሊፍት የላችሁም እንዴ?» አለኝ።

ፌስታሉን ሰጠሁት። «የኛ እንጨት ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። «ሊፍት ለሆቴል ነው።»