የቀይ አፈር ሰማያዊ ኮት

አዲስ አበባ ውስጥ «ከጂንካ ነው የመጣሁት» ስትሉ ሰው መጀመሪያ ከንፈራችሁን ያያል፣ ሸክላ ፍለጋ። ቀጥሎ ጆሯችሁን። ሁለቱም እንደ ማንም ሰው ከንፈርና ጆሮ መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ትንሽ ቅር ይለዋል፤ እናንተም ሳታስቡት ይቅርታ መጠየቅ ይዳዳችኋል። እኔማ ጠይቄ አውቃለሁ። «አይ፣ እኛ እንኳ ከተማው ውስጥ ነን፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው» ብያለሁ፣ የአባቴ ሙያ ጥፋት ይመስል።

ይህ ቅሬታ ኮሌጅ ስገባ ባሰበት። የተማርኩት ሥነ ጥበብ ነው። ጠዋት ስቱዲዮ ውስጥ በከሰል እንስላለን፤ ከሰዓት ፎቶግራፍ አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ መጋረጃ ተዘግቶ የሥነ ጥበብ ታሪክ እንማራለን። እኔ ከሁሉም የምችለው እርሳስ መቅረጽ ነበር። መስመር ከማስመሬ በፊት ሦስት ጊዜ እለካለሁ፤ ካሰመርኩ በኋላ ደግሞ ልክ ነው ወይ ብዬ እንደገና እለካለሁ። ጓደኞቼ ሥዕላቸውን ፈርመው ሻይ ሲጠጡ እኔ ገና አፍንጫው ላይ ነኝ።

የመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምንመርጥበት ቀን ሲደርስ ታዲያ የፎቶግራፍ መምህራችን ወደ እኔ ዞሩና «አንተማ ምን ቸገረህ! አገርህ ሄደህ ካሜራውን መክፈት ብቻ ነው» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ በቅናት አየኝ። ባደግሁበት ሰፈር ሰው የሚቀባው ቤቱን እንጂ ገላውን አይደለም። ይህን ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሥራው ካልተሳካ ደግሞ መመረቅ የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የፈቃድ ነገር ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርታችን፣ ያለ ፈቃድ የተነሣ ፎቶ ከሰው ኪስ ከወጣ ዕቃ አይለይም ይሉ ነበር። ሌላው ተማሪ ሰምቶ ረሳው። እኔ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሰባት ተራ ቁጥር ያለው፣ የፊርማና የአሻራ ቦታ የተሰመረለት ቅጽ። አንደኛው ማን እንደሆንኩ ይናገራል፤ ሁለተኛው ፎቶው ለትምህርት ብቻ እንደሚውል፤ ሦስተኛው ያልፈለገ ሰው መተው እንደሚችል፤ አራተኛው ተነሺው የፎቶውን ሁለት ቅጂ በነጻ እንደሚያገኝ። የቀሩትን ልለፋቸው፤ ኋላ እናንተንም እንዳላስፈርም።

ሐሙስ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ከጂንካ ተነሥቼ ቀይ አፈር የምትባል የገበያ ከተማ ወረድኩ። አይኬ የሚባል የበና ተወላጅ፣ ጂንካ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ቀይ አፈር አስተማሪ የሆነ ወዳጄ ሊያስተረጉምልኝ አዲስ ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ።

ቀይ አፈር ሰው ማስቸገር ለሚፈራ ፎቶ አንሺ የሚሆን ቦታ አይደለም። ቱሪስት የለመደ ገበያ ነው። ካሜራው ገና ከቦርሳ ብቅ ሲል ሰዉ ቀጥ ይልና ፈረንጅ የሚወደውን ፊት ይሰጣችኋል፤ ፊቱም ዋጋ አለው። እኔ የሸሸሁት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ካሜራዬን ደብቄ ቅጼን አወጣሁ።

አይኬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰባቱንም ተረጎመ። ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ሆነው የሚያዳምጡ ባዞ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ረጅም ጥያቄ ነው። አይኬ በአንድ ቃል መለሰላቸው። እሳቸውም ለሕዝቡ ሌላ ረጅም ንግግር አደረጉ።

«ምን አሉ?»

«እሺ ብለዋል።»

«ያ ሁሉ እሺ ነው?»

«በእኛ ቋንቋ እሺ ረጅም ነው። ዝም ብለህ ፎቶህን አንሣ።»

ወዲያው ሰዉ ተበተነ። ልቤም አብሮ ተበተነ። ሲመለሱ ግን ፊታቸውን ታጥበው፣ ዶቃቸውን አውልቀው፣ ተሰልፈው ነው። ከሰልፉ ፊት ባዞ የአይኬን ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፈው ቆመዋል።

እኔ የመረጥኩት የግራር ጥላ ነበር፤ ፍየሎቹ ከኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን። ባዞ ጥላውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ አንድ ሱቅ ነጭ ግድግዳ ወሰዱኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውት ቀጥ አሉ።

«ቅረብ» አሉኝ በአማርኛ።

እኔ ራቅሁ። ባዶ ግድግዳ ምን ይሆነኛል? በዳር በዳሩ ገበያው፣ ፍየሉ፣ ተራ ጠባቂው እንዲገባልኝ ነው።

«ቅረብ እኮ!»

አሁንም ራቅሁ። ተስፋ ቆርጠው ወደ ሰልፉ ዞሩና አንድ ነገር ተናገሩ። ሰልፈኛው በሙሉ ጸጉሩን ከጆሮው ላይ ገለጠ።

ጆሮ ይታይ! በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ይህ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ከወረዳ የመጣሁ መዝጋቢ መስያቸዋለሁ። ወረቀት ይዞ ስም የሚጽፍ፣ አውራ ጣት ቀለም የሚያስነክር ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«አይኬ፣ ተሳስተዋል። ንገራቸው።»

«ምኑን?»

«መታወቂያ የምሰጥ እንዳልሆንኩ ነዋ!»

አይኬ ሰልፉን አየ። ኮቱ ከባዞ ትከሻ ወደ አንዲት ሴት ትከሻ እየተሻገረ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ፎቶ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ይኼን ሁሉ ሰው ስታነሣ ክፈል ያለህ አለ?»

የለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አእምሮዬ የመመረቂያውን ቀን ያስባል፣ ጣቴ ያነሣል። ኮቱ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ዋለ፤ ለአንዱ ጉልበቱ ጋ ይደርሳል፣ ለሌላው ክርኑ ላይ ይቀራል። እኔም ሁሉንም በየተራ አስፈረምኩ፤ የጥፋቴን ማስረጃ በገዛ እጄ እያጠናቀርኩ ማለት ነው።

ፎቶዎቹ በትልቁ ታትመው በኮሌጁ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሦስት መምህራን ሊፈትኑኝ መጡ። እውነቱን ለመናገር ቆርጬ ነበር፤ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ጃኬቴ ላይ ደርሷል።

«እነዚህ ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ የሚነሡ መስሏቸው ነው» አልኩ። «እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

የፎቶግራፍ መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮቱስ? ኮቱ ምንድን ነው?»

«የአይኬ ነው።»

«አይደለም» አሉ በእርጋታ። «ኮቱ መንግሥት ነው።»

«እኔ ግን ስህተት ነው የሠራሁት» አልኩ።

የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርታችን «ስህተትን እንደ ስልት» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ሰጡኝ። እንደዚያ ቀን ተቀጥቼ አላውቅም።

ተመረቅሁ። ጥቁር ጋውን ለብሼ የተነሣሁትን እናቴ ሳሎን ሰቀለችው። ጋውኑ የኪራይ ነው፤ እሱም ሲዞር ውሎ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው። ባየሁት ቁጥር የቀይ አፈር ሰልፍ ይታየኝና ምግብ አልወርድ ይለኛል። በመጨረሻ ፎቶዎቹን ፖስት ካርድ በሚያክል ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ አሳተምኩ፣ በየስማቸው ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ ይቅርታዬን በቃሌ አጠናሁና ሐሙስን ጠብቄ ሄድኩ።

«አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው ባዞን፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። «እኔ ከወረዳ አይደለሁም። መታወቂያ አልሰጥም። ያኔ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ።»

አይኬ ተረጎመ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። ባዞ በራሳቸው አማርኛ መለሱልኝ።

«ወረዳ ነህ ማን አለ? ወረዳ ‹ትፈቅዳለህ?› ብሎ ጠይቆ ያውቃል?»

ፖስታዎቹን እያወጣሁ ማደል ጀመርኩ፤ ባዞ ቀጠሉ።

«ቀበሌ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሁለት አምጡ አለን። እዚህ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ጂንካ ሩቅ ነው። አንተ መጣህ፣ ሁለት በነጻ አልክ። እኔ አይኬን ‹እኛ እንደፈለግን ብንቆምም ይሰጠናል ወይ?› አልኩት። ‹ይሰጣል› አለ። አሁን ዘገየህ እንጂ ሌላ ምን አጠፋህ?»

ወደ አይኬ ዞርኩ።

«እሺ ብለዋል አላልኩህም?» አለ አይኬ።

ከሱቁ መቀስ ተዋሱ። ባዞ ፖስታቸውን ከፈቱ፣ ፎቷቸውን አራቁ፣ አቀረቡ። «ቅረብ ስልህ ራቅህ። ፊቴ ትንሽ ሆነ» ብለው ወቀሱኝና መቁረጥ ጀመሩ። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣው ሥራዬ ዓይኔ እያየ ጉርድ ሆነ። ፊትና ጆሮውን ወደ ፖስታው መለሱ፤ የቀረውን «ይኼ ያንተ ነው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ሌሎቹም በየተራ እንዲሁ አደረጉ፤ አመስግነው፣ ቆርጠው፣ ትርፉን መለሱልኝ።

እነዚያ ትርፎች ዛሬም አሉኝ። ዳር ላይ ፍየሎች፣ ኮት ለመቀበል የተዘረጋ እጅ፣ ከደረት በታች ብቻ የቀረ ሰማያዊ ኮት፣ ከላዩ ደግሞ አራት ማዕዘን ባዶ መስኮት። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለክቻቸዋለሁ። መምህሮቼ የነገሩን መጨረሻ ይወቁት ብዬ ልልክላቸው አሽጌ ነበር። ግን ተውኩት። ያደንቁኛል ብዬ ፈራሁ።